በጨው ታሽቶ የመጣው ግት

ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ገና ወተት ያልያዘ የጊደር ጡት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ጌዶ ስሄድ የሰፈሬ ሴቶች «ታዲያ ጡት ለማየት አምቦ ድረስ ምን አስኬደሽ?» ይሉኛል። አምቦ ያሉት የቢሮ ባልደረቦቼ ደግሞ ሻይ ስንወጣ «ዶክተር ወተት» እያሉ ይጠሩኛል፤ ዶክተርም አይደለሁም፣ ወተትም አልወድም። ሳቃቸው አያስቀይመኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ የተማርኩት ነገር ትክክል መሆኑና ትክክልነቱን ያየሁት በእናቴ ጊደር ላይ መሆኑ ነው።

እናቴ ጌዶ ከተማ ውስጥ አረቄ ታወጣለች። አባቴ የሞተው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁት፣ የለበስኩት፣ የተማርኩት ሁሉ ከጓሯችን ጢሳም ጎጆ የወጣ ነው። ጎጆው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው እሳቱ ዘንድ መቀመጥ አለበት። እሳቱ ከበረታ ጥንስሱ ያርርና አረቄው የቃጠሎ ሽታ ይይዛል፣ ከደከመ ደግሞ መንጠባጠቡን ያቆማል። የጎረቤት ሴቶች ልጆች ያንን እሳት ሲጠብቁ ነው ያደጉት። እኔ ግን ለመርዳት ብድግ ባልኩ ቁጥር እናቴ «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ትለኛለች። ዩኒፎርሜ አረቄ አረቄ እንዳይሸት ብላ አጣጥፋ ጎረቤት ቤት ታስቀምጠው ነበር። በዚህ ስኩራራ ኖሬያለሁ፤ እዚያ ጎጆ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንጨት ቆስቁሼ አላውቅም።

ወደ አምቦ ለትምህርት ከመሄዴ ጥቂት ቀደም ብሎ እናቴ ጌታን ተቀበለች። በሰፈራችን ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ተደባልቆ ስለሚኖር ነገሩ ማንንም አላስደነቀም። ነገር ግን በገባችበት ቤተ ክርስቲያን አረቄ የሚያወጣ ሰው የጌታን እራት አይካፈልም። ያባረራት የለም፣ የተቆጣትም የለም፤ እንጀራዋ መሆኑን ያውቃሉ። «እህታችን፣ ጌታ መንገድ ይከፍታል» ይሏታል። በወር አንዴ፣ እሑድ፣ ዳቦውና ጽዋው በየወንበሩ ሲዞር እሷ ጋ ሲደርስ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አንገቷን ትደፋለች። ሳህኑ ያልፋታል። አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጢሱ ዓይኖቿን ስላበላሻቸው ሁልጊዜ እንባ ያቀራሉ፤ በዚያ ሰዓት ታልቅስ አታልቅስ መለየት አይቻልም ነበር።

ከአረቄው መውጫ መንገዱን ያገኘችው ራሷ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል፣ እንጭኒ አካባቢ ከሚኖሩ የአባቴ ዘመዶች አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ጥጃ ገዛች። ጥጃዋ በአይሱዙ ተጭና ጌዶ የገባች ቀን ደወለችልኝ። ድምፅዋ የልጅ ሆኖ ነበር።

«ይቺ ስትወልድ አረቄው ያበቃል» አለችኝ። «ወተት እየሸጥኩ እኖራለሁ። ሳህኑ ሲመጣም እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።»

ከዚያ ጠየቀችኝ። «አንቺ እንስሳ አይደል የምትማሪው? ምን ላብላት?»

በዚያው ሳምንት ስለ ጊደር አመጋገብ መማር ጀምረን ነበር። መምህራችን ጊደር በደንብ ከበላች ቶሎ እንደምታድግ፣ ቶሎ ኮርማ እንደምትፈልግ፣ ቶሎ እንደምትወልድ አስተማረን። «ነገር ግን» አለና ደወል ተደወለ፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሳደረው። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አልመጣም። ከተማው ተረበሸ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ተጠርተን ስንመለስ መምህሩ ወደ ዶሮ እርባታ ተሻግሮ ነበር። በሁከቱ ላሳብብ እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜም አሳብቤያለሁ። መጽሐፉ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያው ላይ ነበር። አልከፈትኩትም።

ለእናቴ ግማሹን ትምህርት ሙሉ አስመስዬ ነገርኳት። «እስክትጠግብ አብያት» አልኳት። «አተላው ሞልቶሽ የለም እንዴ? ፋጉሎና ፉርሽካ ጨምሪበት። ቶሎ ካደገች ቶሎ ትወልዳለች።»

እናቴ አንድ ነገር ከነገርኳት እጥፍ አድርጋ ነው የምትሠራው። በጥቂት ወራት ውስጥ ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ያየኋት ጥጃ በሬ ታክላለች ማለት ይቀላል። አንገቷ ላይ ቆዳዋ ተደራርቧል፣ የጭራዋ ሥር በሁለቱም ወገን አብጧል። ጸጉሯ በዘይት የታሸ ይመስላል። አረቄው በወጣ ቁጥር አተላው ለብ እንዳለ ገንዳዋ ውስጥ ይገለበጥላታል፤ ጠግባ ስትተኛ ደግሞ እናቴ አጠገቧ ቆማ «በይ እንጂ» እያለች ትለምናታለች። የጎረቤታችን ሴትዮ ዓይን እንዳይበላት ብላ አንገቷ ላይ ክታብ ልታስርላት ፈለገች፤ እናቴ በእምነቷ ምክንያት ክታቡን እንቢ አለች፣ ጊደሯን ግን ከሰው ዓይን ለመሰወር በረቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋረደችው።

በዚያው ሰሞን ሁላችንም «ኦቦ» እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊያዩዋት መጡ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከብት ሲነዱ ነው፤ ከካቺሲ ወገን ገዝተው ጌዶ ገበያ ሲሸጡ። ፊደል አይቆጥሩም። ከጊደሯ ኋላ በርከክ ብለው፣ ገና ለጡት የማይበቁት አራት ጫፎች ሥር ያለውን ቆዳ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ሲነሱ ፊታቸው ደስ የሚል አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ትምህርት ቤት ስለዚህ ምን ይላሉ?»

እኔም ነገርኳቸው። ፕሮቲን አልኩ፣ ኢነርጂ አልኩ፣ ቶሎ ትደርሳለች አልኩ። እናቴ በረቱ በር ላይ ቆማ የምናገረውን ሳይሆን ስናገር እያየች ነበር። ሽማግሌው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው» አሉና ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ሲመጡ አላየሁም። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ጊደሯ እንዳልኩት ቶሎ ደረሰች። ዓመት ሳይሞላት ኮርማ ፈለገች፤ የሰፈር ሰው ጉድ አለ። እናቴ ገበያ መሀል «ልጄ ናት እንዲህ አብያት ያለችኝ» ትል ነበር። የወረዳው የከብት አዳቃይ ባለሙያ መጥቶ አይቷት ለጊዜው አካሏ ይጠንክር ብሎ ጥቂት ወራት አቆያት፣ ከዚያም አዳቀላት፤ በመጀመሪያው ያዘች። እኔ ደግሞ አምቦ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀምሬ ነበር። ለጥናት የተሰጠኝ ርዕስ የጊደር ጡት እንዴት እንደሚያድግ፣ ሴሎቹም ይህን ሲያደርጉ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነበር።

ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ማሰልቸት እችላለሁ። የጊደር ጡት ከውጭ ሲያዩት ምንም የለውም። ውስጡ ግን ሥራ በዝቷል። ቆዳው ሥር የስብ ትራስ አለ፤ ወተት የሚያመነጩትና የሚያስተላልፉት ቱቦዎች ዘር እዚያ ትራስ ውስጥ እንደ ሥር እየተሰነጣጠቀ መግባት አለበት። ከሁለት ሦስት ወሯ አንስቶ ኮርማ እስከምትፈልግበት ጊዜ ድረስ ጡቷ ከሌላው አካሏ ቀድሞ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ሩጫው ይበርዳል። ያን ጊዜ ያልተተከለ ነገር በኋላ በፋጉሎ ብዛት አይተከልም።

ማደጉ ደግሞ በመልእክት ነው። ከዕንቁላል እጢዋ የሚነሳ ሆርሞን በደም ይመጣል። ያስገረመኝ የመጣውን ሆርሞን የሚሰሙት ሴሎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው የሚባዙት አለመሆናቸው ነው። እነሱ ሰምተው አጠገባቸው ላለችው ይነግራሉ፤ የምትባዛው ጎረቤታቸው ናት። የሰማችው ካልተናገረች ጎረቤቷ እዚያው እንደቆመች ትቀራለች። ጊደሯ በዚያ ዕድሜ ከመጠን በላይ ስትሰባ ደግሞ ስቡ ዝም ብሎ ቦታ አይዝም፤ የራሱን መልእክት ይልካል፣ ወሬውን ያደበላልቃል። በዚያ ላይ ቶሎ ስለደረሰች ሩጫው የሚቆምበት ቀን ይቀድምባታል። መምህሩ «ነገር ግን» ብሎ ያሳደረው ይህንን ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩት በወረቀት ነው። በወረቀት ያነበቡት ነገር አያምም። ያመመኝ ቄራ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማ አድርጌ እሄድና ከሚታረዱት መካከል ጊደር ካለች ጡቷን እለምናለሁ። ሠራተኞቹ «ይቺ ልጅ ሥጋው እያለ ቆዳ ትለቅማለች» እያሉ ይሰጡኛል። ጥቂት ቆርጬ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ እከተዋለሁ፤ በኋላ በስሱ ተከርክሞ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ቱቦዎቹ ወይን ጠጅ ሆነው ይታያሉ፤ ስቡ ግን ሲዘጋጅ ስለሚሟሟ የነበረበት ቦታ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ራሳቸው «እንዴት ያለች ጮማ ናት» ብለው ያደነቋት ጊደር ነበረች። የእሷን መስታወት ሳስገባ ነጭ በነጭ ሆነብኝ። ማሩ የተበላ ሰፈፍ ይመስላል። እዚህና እዚያ አንዳንድ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለ፤ ሌላው ባዶ ነው።

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ጣቴን አጥፌ ወራቱን ቆጠርኩ። የእናቴ ጊደር ኮርማ ከፈለገች ቆይታለች። አሁን ነፍሰ ጡር ናት። አለፈ ማለት ነው።

አማካሪዬን እንደ ዋዛ ጠየቅሁት፤ በልጅነቷ በጣም የሰባች ጊደር ያለ ጥርጥር ወተት ያንሳታል ወይ አልኩት። ጥንቁቅ ሰው ነው። የስቡ ጉዳይ እንዴት እንደሚሠራ ሊቃውንቱ ገና እንደሚከራከሩ ነገረኝ። «ደግሞ አንዲት ላም ማስረጃ አትሆንም» አለኝ። ያችን ዐረፍተ ነገር ይዤ ወጣሁና ትራስ አደረግኋት። እናቴ በደወለች ቁጥር በልቤ አንዲት ላም ማስረጃ አትሆንም እላለሁ። ስልኩ በተቋረጠባቸው ሳምንታት ደግሞ ኔትወርክ ስለሌለ ነው ያልነገርኳት እላለሁ። አምቦና ጌዶ በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

እውነቱ ማፈሬ ነው። ጊደሯን ማዳን እንደማልችል አውቃለሁ፤ ግን ማዳን የምችለው ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ላሟ የምትወልድበትን ወር ነግራቸው ነበር። መውለጃዋ ሲቃረብ አንድ እሑድ ከጉባኤው ፊት ቆማ አረቄውን መተዋን ተናገረች። በስልክ ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፣ አጨበጨቡልኝ አለችኝ። ማሰሮዎቹን፣ መቃውን፣ ማቀዝቀዣ ገንዳውን፣ ብቅል መውቀጫዋን ሳይቀር ለኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን ሰጠቻት። በሚቀጥለው የጌታ እራት ሳህኑ ሲዞር እጇን ዘረጋች። ይህን ሁሉ ከማድረጓ በፊት አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ» ብላት ይበቃ ነበር። እኔ ግን «እልል» አልኩላት።

ላሟ የወለደች ጊዜ እዚያ ነበርኩ። ጥጃው ወንድ ነው። ግቷ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ነበር፤ ሰዉም በትልቅነቱ ተታልሎ እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ ይላት ነበር። የእንገሩ ቀናት አለፉ። እናቴ ለወተቱ አዲስ ባልዲ ገዝታ ነበር፣ ሰማያዊ፣ ክዳን ያለው። ጠዋት ጡቷን በለብ ውኃ አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ማለብ ጀመረች። ወተቱ የባልዲውን ወለል ሲመታ ድምፅ አሰማ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ ቆመ። እናቴ ወደ ሌላው ጡት ሄደች፣ ተመለሰች፣ ግቷን በመዳፏ ታሸው ጀመር። ግቱ ታልቦም ያው ነው፤ አልሟሸሸም። እሱን ሳይ የሞላው ስብ መሆኑ ገባኝ፤ የማላውቀው ነገር አልነበረም።

«አልተላመደችኝም ይሆናል» አለች እናቴ።

«ይሆናል» አልኩ።

ሳምንታት አለፉ፤ ከጥጃው ተርፎ የሚገኘው ከአንድ ጣሳ አልዘለለም። ቀን በቀን ትጠብቅ ነበር። ለወተት ደንበኛ ያደረገቻቸው ሁለት ቤቶች አንዱ በትሕትና፣ ሌላው ደግሞ በዝምታ ተዉአት። እናቴ ያላትን ፋጉሎ ሁሉ አበላቻት፤ ላሟ ወፈረች። በመጨረሻ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤታችን ቤት ሄደች፣ ማሰሮዎቿን ልትለምን። እኔ አብሬያት ነበርኩ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ምንም አልጠየቀችም። ማሰሮዎቹን አጥባ፣ መቃውን በጨርቅ ጠቅልላ አወጣችልን፣ ለመነሻ የሚሆን ጥንስስም ጨመረችበት። መንገድ ላይ ሁለታችንም በእጃችን ዕቃ ስለያዝን የሚያልፈውን ሰው በአንገት ብቻ ሰላም አልን። በሚቀጥለው የጌታ እራት ቀን እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። አንዴ ከዘረጉ በኋላ ማጠፍ ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው፤ እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

ላሟን ለፋሲካ ለሥጋ ሸጠቻት። ልኳንዳ ቤቱ በጣም ወደዳት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አምቦ የተከራየሁት ክፍል በር ተንኳኳ። እናቴ ነበረች፤ ያችን ሰማያዊ ባለክዳን ባልዲ ይዛ። ሳትነግረኝ መምጣቷ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ባልዲውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ሲያርዷት ግቷን አትጣሉት አልኳቸው» አለችኝ። «ለትምህርትሽ የሚታረዱትን ጡት እየለመንሽ አይደል? የሰው ከምትለምኚ ብዬ ነው።»

ክዳኑን ከፈትኩት። ግቱ ሙሉውን ነበር፣ በጨው ታሽቶ። እንዳይበላሽ ብላ ሥጋ ቋንጣ ስታደርግ እንደምታሸው ጥሩ አድርጋ አሽታዋለች። ለጥናት የሚሆነው በታረደ በደቂቃ ውስጥ ፎርማሊን የገባ ነው፤ ጨው የነካው ሴል ተጨማትሮ ምንም አይነበብበትም። የሚፈለገውም የጊደር እንጂ የወለደች ላም አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቄ «በጣም ነው የሚጠቅመኝ» አልኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች ሽታውን ጠልተው መስኮት እንደከፈቱ፣ ረዳቱም ባልዲውን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ኋላ እንዳደረገው እየሳቀች ነገረችኝ።

«በይ ቅደጂውና እስቲ እኔም ልየው» አለችኝ። «ምን ነበረባት?»

የሽንኩርት ቢላዬን አምጥቼ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፌ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት። ቢጫ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ፣ ቢላው ላይ የሚቀር ስብ፤ መሀሉ ላይ ጥቂት ቀላ ያለ ነገር። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ክፍሉ ውስጥ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እውነቱን ለመንገር ከዚያ የተመቸ ጊዜ አላገኝም ነበር።

«በሽታ ነው» አልኳት። «የጡት በሽታ። ከላይ አይታይም።»

«እንዲያው ከጌታ ነው እንጂ» አለች እናቴ፣ «አንቺማ ያልሽውን ሁሉ አድርጌ ነበር።» ተነስታ እጇን ታጠበች። ከሰዓት በኋላ ባለው መኪና ተመለሰች፣ ባዶ ባልዲዋን ይዛ። የአረቄ ሥራዋን ትታ መጥታ ነበርና አልቆየችም።

ጥናቴን ጨረስኩ፤ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። አሁን አምቦ ቢሮ ተቀጥሬ በየወረዳው እየዞርኩ ለገበሬ ሥልጠና እሰጣለሁ። እንጭኒ ድረስ ሄጄ በማላውቀው ሰው ፊት ቆሜ ጊደር በልጅነቷ ከመጠን በላይ አትስባ፣ ሣርና ድርቆሽ ይብዛላት፣ ፋጉሎው በልክ ይሁን እላለሁ። ስዕል እስላለሁ፣ ጥያቄ እመልሳለሁ። ሰው ጎበዝ ናት ይለኛል። ጌዶ ስሄድ ግን ስለ ከብት አፌን አልከፍትም ነበር። ሽማግሌው ኦቦም በመካከሉ አረፉ፤ ለቀብር አልደረስኩም።

በቅርቡ ቅዳሜ ለእናቴ ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ። ቤት የለችም። ከአጥራችን ማዶ ድምፅዋን ሰምቼ ወደ ጎረቤት ጓሮ ገባሁ። እዚያ የምትኖረው በቅርቡ ያገባች፣ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ወጣት ሴት ናት። ቤተሰቦቿ አንዲት ዲቃላ ጥጃ ሰጥተዋታል፣ አምስት ወር ቢሆናት ነው። የጥጃዋ አንገት ቆዳው መደራረብ ጀምሯል። እናቴ ያችን ሰማያዊ ባልዲ ይዛ አተላውን ገንዳው ውስጥ እየገለበጠችላት ነበር።

«በነጻ ነው የምሰጣት» አለችኝ እናቴ ስታየኝ፣ ደስ ብሏት። «አንቺ እንዳልሽኝ እያደረገች ነው። የእኔዋ በበሽታ ቀረች እንጂ ምክሩማ ሠርቶ ነበር አልኳት። ይቺ አትታመምም፣ በጌታ።»

ወጣቷ ሴት ወንበር ልታመጣልኝ ተነሳች። ጥጃዋ አተላው ውስጥ አፍንጫዋን ነክራ ትጠጣለች። አምስት ወር ማለት ሩጫው ገና ያላለቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ አልፏል የሚለው ሰበቤ እዚህ አልሠራ አለኝ። ለሥልጠና የማወራውን ሁሉ ረስቼ፣ እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«እማዬ፣ አታብያት። የእኛዋ አልታመመችም ነበር። በጥጃነቷ አብዝተን ስላበላናት ጡቷ ውስጥ ስብ ገባበት፤ ወተት የሚሠራው ነገር አልተተከለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ባልዲው ውስጥ ያመጣሽልኝ ጊዜ ያየሽው እሱ ነበር።»

እናቴ ባልዲውን አስቀመጠች። ክዳኑን ፈልጋ በዝግታ ገጠመችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ሳትወልድ።»

«ዕቃዬን ሳልሰጥ በፊት?»

«አዎ።»

«ጉባኤ ፊት ሳልቆም በፊት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወጣቷ ሴት ወንበሩን ይዛ ቆማ ቀረች። እናቴ ጥጃዋን እንጂ እኔን አታይም ነበር።

«ኦቦ ነግረውኝ ነበር» አለች። «ያን ቀን አንቺን ጠይቀው ሄዱና በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። ‹ኩን ጮማ ዳ፣ አናን ሚቲ› አሉኝ። ይህ ጮማ ነው፣ ወተት አይደለም አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ታውቂያለሽ? ‹ልጄ ከመጽሐፍ አንብባ ነው፤ እርስዎ የትኛውን መጽሐፍ አንብበው ነው?› አልኳቸው። ፊደል እንደማይቆጥሩ እያወቅሁ። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጡም። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነው የሸኘኋቸው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ወደ ወጣቷ ዞራ «ከዛሬ ጀምሮ ድርቆሽና ሣር አብዢላት፤ ሌላውን እሷ እንደምትልሽ አድርጊ» አለቻትና ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ተከተልኳት። ስለ ጥጃዋ ምን እንደሚደረግ ለወጣቷ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ነው ያስረዳኋት።

እናቴ ቀጥታ ወደ ጓሮው ጎጆ ገባች። አረቄው እየወጣ ነበር፤ እሳቱን ለአፍታ ትታው ኖሯል። በርጩማዋን በእግሯ ወደ ምድጃው አስጠጋችና ለእኔ ለቀቀችልኝ።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «እሳቱን ጠብቂልኝ፣ ወገቤን ላሳርፍ።»

ተቀመጥኩ። ጢሱ ወዲያው ዓይኔ ውስጥ ገባ። እሷ በሩ አጠገብ ከረጢት አንጥፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም አለች። አንድ እንጨት አነሳሁ። ይብዛ ይነስ አላውቅም ነበር።

«እማዬ፣ ስንት ልጨምርበት?» አልኳት።

ነጠላዋን እስከ ራሷ ሳበች፤ እንጨቱን በግምት ጨመርኩት።